የመጽሐፍ ሥዕል ይዤ ወደ ሸነን

ይህን የምጽፈው ደብረ ብርሃን ላላችሁ ዘመዶቼና ለቀድሞ የክፍል ጓደኞቼ ነው። ከመካከላችሁ ወደ ምዕራብ ሸዋ የሚሄድ ይኖራል ብዬ አላስብም፤ እኔም መምህሬ የትምህርት ሥራ ባይሰጡኝ ኖሮ አልሄድም ነበር። «ምን አይተህ መጣህ?» ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ ለየብቻ ከምመልስ አንድ ጊዜ በሥርዓት ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ የሄድሁበትን ምክንያት ልናገር። በዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርታችን ላይ መምህራችን የድሮ የውጭ አገር መንገደኞች ስለ አገራችን የጻፏቸውን መጻሕፍት ያሳዩን ነበር። ፎቶግራፍ በመጽሐፍ መታተም ከመጀመሩ በፊት መንገደኛው ያየውን በእርሳስ ነድፎ ይመለሳል። አገሩ ሲገባ አንድ ባለሙያ ንድፉን በእንጨት ወይም በመዳብ ላይ ይቀርጸዋል፤ ቀለም ተቀብቶ ወረቀት ይጫንበትና ይታተማል። ቀራጩ ግን አገራችንን ረግጦ አያውቅም። በንድፉ ላይ ያልገባውን ቦታ ሌላ መጽሐፍ ላይ ባየው ነገር ይሞላዋል። ገዢው ደግሞ እሳት ዳር ቁጭ ብሎ ገጹን ይገልጥና «አፍሪቃ ማለት ይህ ነው» ይላል።

«ስለዚህ ሥዕሉን ስታዩ የሚያናግሯችሁ ሁለት ሰዎች ናቸው» አሉን መምህራችን፤ «አንዱ የሄደ፣ ሌላው ያልሄደ። የትኛው የማን ቃል እንደሆነ ለይታችሁ ጻፉ።» ለእያንዳንዳችንም የአንድ ሥዕል ፎቶኮፒ አደሉን።

የእኔ ሥዕል እንዲህ ነው። በመሃል አንድ ወንዝ ከኮረብታ ወደ ተመልካቹ ይወርዳል። የኮረብታው ግራ ጎን እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ ገደል ነው፤ ቀኝ ጎኑ ቀስ እያለ የሚያዘቀዝቅ ተዳፋት። ከወንዙ በስተግራ ረጃጅም ድንጋዮች ቆመዋል፤ በመካከላቸው ሦስት የዘንባባ ዛፎች አሉ። ከፊት ለፊት ጦርና ጋሻ የያዙ ሰዎች ቆመዋል፤ አንዱ ባለ ባርኔጣ ለሆነው መንገደኛ ምግብ ያቀርብለታል። ከሥሩ በላቲን ፊደል «በጅባት ደን አጠገብ፣ የላጋ ዲማ መቃብር» የሚል ተጽፎበታል።

አብሮኝ የሚያድረው ገመቹ የሸነን ልጅ ነው። ጽሑፉን ሲያይ ሳቀ። «ላጋ ዲማ እኮ የእኛ ወንዝ ነው። ከብት የማጠጣበት!» አለኝ። እሱ ያመለጠውን ፈተና ለመውሰድ በእረፍቱ ግቢ ውስጥ ስለሚቆይ ወንድሙ ጋር እንዳርፍ አድርጎ ላከኝ። ጊዜው የጥር ወር መጨረሻ፣ በየገጠሩ ሰዉ ወደ አዳዲስ መንደሮች የሚሰበሰብበት ዓመት ነበር።

ሰኞ

ከመርካቶ አውቶቡስ ተራ በማለዳ ተነሣን። የከተማው መውጫ ኬላ ላይ ሁላችንም ወርደን ተፈተሽን። ፈታሹ ከቦርሳዬ ውስጥ ፎቶኮፒውን አወጣና ዓይኑ ተለወጠ።

«ይሄ ካርታ ነው?»

«አይደለም፣ ሥዕል ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ» አልሁና መታወቂያዬን አሳየሁ።

«የት አገር ነው?»

«ጅባት ነው።»

ወረቀቱን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ አየው። «እኔ ጅባት ሁለት ክረምት ቆይቻለሁ። ብርዱ ጥርስ ያስነቅላል። ዘንባባ ከየት ይመጣል? ተታለሃል፣ ወንድሜ። ይሄ ምጽዋ ነው።» ሥዕሉን መለሰልኝና ለጓደኛው «ተማሪ ነው፣ ምንም አያውቅም፤ ልቀቀው» አለው። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀብኝ። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። የመጀመሪያውን የቀራጭ ፈጠራ፣ ዘንባባውን፣ ገና ከኬላው ሳላልፍ አረጋገጥሁ።

ጊንጪ ስንደርስ የአውቶቡሱ ጎማ ፈነዳ። ሜዳው ሰፊ ነው፤ ጤፉ ታጭዶ ክምሩ በየአውድማው ቆሟል። የእኛ አገር ሜዳም ሰፊ ነው፤ ግን የእኛ ገብስ አጭርና ነፋስ የሚያስተኛው ነው፤ መሬቱም ወደ ግራጫ ይመልሳል። እዚህ አፈሩ ጥቁር ነው፤ በደረቁ ወር እንኳ ተሰነጣጥቆ እጅ የሚያስገባ። ጎማው እስኪለወጥ ቆሜ ስጠብቅ የተቀቀለ ድንች የምትሸጥ ሴት በኦሮምኛ ጠራችኝ። አልገባኝም። በአማርኛ ደገመችው። «ቁጭ በል፣ ልጄ። አንተ ስለቆምህ ጎማው አይጠገንም።» የራሷን በርጩማ ሰጥታኝ እሷ በጆንያ ላይ ተቀመጠች። ድንቹን በቀይ ዳጣ አበላችኝ። ስነሣ ለማመስገን የምችለው በአማርኛ ብቻ ሆኖ አፈርሁ፤ ሸዋ ተወልጄ የግማሹን ሸዋ ቋንቋ አላውቅም።

አምቦ የገባነው ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው። ያደርሁበት ቤት ባለቤት እትዬ አስካለ ይባላሉ። ደብረ ብርሃን ላይ የአምቦ ውሃ ሰርግ ሲኖር ብቻ የሚታይ ነገር ነው፤ እሳቸው ግን ሳልጠይቃቸው አንድ ጠርሙስ ከፍተው አቀረቡልኝ። በጥድፊያ ስጠጣው ጋዙ በአፍንጫዬ ወጣ። «ቀስ በል፣ ማንም አይነጥቅህም» አሉኝ።

ግድግዳቸው ላይ ያለፈ ዓመት የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። በላዩ በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ሐይቅ፣ በየመስኮቱ አበባ ያለበት ቤት ታትሟል። ቀኑ ካለፈ ለምን እንደማያወርዱት ጠየቅኋቸው።

«ቀኑን ማን አየው? አገሩን ነው እንጂ የማየው። እዚያ አገር ጭቃ የሚባል ነገር የለም።»

«በምን አወቁ?»

«ይኸው፣ የት አለ ጭቃ? አሳየኝ።»

ፎቶ አንሺው ጭቃውን ትቶ ሊሆን ይችላል ስላቸው ለጥቂት ጊዜ ሥዕሉን ተመለከቱ። «ተወኝ ባክህ» አሉ በመጨረሻ፤ «አንድ ጭቃ የሌለበት አገር ግድግዳዬ ላይ ይኑር።» ብርድ ልብስ ደረቡልኝ። እኔም አልጋዬ ላይ ሆኜ የእኛን ቤት አሰብሁ። እናቴ ሳሎን ላይ የሰቀለችው የመርከብ ሥዕል አለ፤ ባሕር ማለት እስካሁን ለእኔ የዚያ ወረቀት ሰማያዊ ነው።

ማክሰኞ

ከአምቦ እስከ ጉደር አውቶቡስ አለ። ከዚያ ወደ ሸነን የሚሄድ መኪና ስጠብቅ አረፋፈድሁ። ጨው የጫነ የጭነት መኪና አገኘሁና ከጆንያዎቹ ላይ ወጣሁ። ወደ ደጋው በወጣን ቁጥር ዛፉ እየበዛ፣ ብርዱም እየጨመረ ሄደ። ፈታሹ እውነቱን ነው። ብርዱ የደብረ ብርሃንን ያህላል፤ ግን የእኛ ብርድ ደረቅና ነፋሻ ነው፤ የዚህ እርጥብ ሆኖ ከጫካው ይወጣል። የእኛ ቤት በድንጋይ ይሠራል፤ የምንማግደውም ኩበት ነው። እዚህ ቤቱም አጥሩም እንጨት ነው፤ ሰው እንደ ልቡ ግንድ ይማግዳል። እናቴ ብታይ ታለቅስ ነበር።

አንድ ዳገት ላይ መኪናው እምቢ ብሎ ሁላችንም ወርደን ገፋን። አንዱ ጆንያ ተቀድዶ ጨው ፀጉሬ ላይ ፈሰሰ። ሸነን የደረስሁት እንደ ተሰጣ ቋንጣ ጨው በጨው ሆኜ ነው።

የገመቹ ወንድም ጋሽ ቶሌራ የጤና ጣቢያው ረዳት ናቸው። ገና ሲያዩኝ «ሰላም ነህ ወይ?» ሳይሉ ውሃ አስቀረቡልኝ። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ጨውን ከፀጉሬ እያራገፉ «ገመቹ ተማሪ ይመጣል ሲል ምነው የጨው ነጋዴ መጣ» አሉ። አዴ በኦሮምኛ እንደኛ ወይዘሮ ነው። ቤተሰቡ ጴንጤ ነው፤ ከመብላታችን በፊት ጋሽ ቶሌራ ረጅም ጸሎት አደረጉ፤ በጸሎቱ ውስጥ የእኔም ስም፣ የፈተናዬም ነገር ገባ። ቆጮ ለመጀመሪያ ጊዜ የበላሁት ያን ቀን ነው። እንጀራ የለመደ ሰው ሲያየው የእንጨት ቅርፊት ይመስለዋል፤ ከአይብና ከጎመን ጋር ሲቀመስ ግን ሌላ ነው።

የጋሽ ቶሌራ አባት ኦቦ ነጋሳ በዚያው ግቢ ሌላ ቤት ውስጥ ይኖራሉ፤ ኦቦ እንደኛ አቶ ነው። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። አማርኛ ይሰማሉ፤ ሲናገሩ ግን ልጃቸው ይተረጉሙላቸዋል። እኔን «ባራታ» ይሉኛል፤ ተማሪ ማለት ነው። ሥዕሉን ሳሳያቸው በሁለት እጃቸው ተቀብለው በሩ ብርሃን ላይ ይዘው ቆሙ። ድንጋዮቹን በጣታቸው ነኩ።

«ይህን የሠራው ሰው በዚህ ያለፈው መቼ ነው?»

ከክፉ ቀን በፊት እንደሆነ ነገርኋቸው። አንገታቸውን ነቀነቁና ወደ ልጃቸው ዞረው ብዙ ተናገሩ። ጋሽ ቶሌራ ሲያስረዱኝ ጉዳዩ ይህ ነበር። አዲሱ መንደር ላጋ ዲማ ዳር እንዲሠራ ተወስኗል። በማግስቱ ቀያሽ መጥቶ ችካል ይተክላል። በወንዙ በአንደኛው ዳር የጥንት አያቶች ተቀብረዋል፤ በየትኛው እንደሆነ ግን አገሩ ተከራክሮ አልተስማማም። በክፉ ቀን ሰዉ አልቆ የተረፈው ወደ ባኮ ቆላ ወርዶ ነበር። የኦቦ ነጋሳ አባት በሕፃንነታቸው ወርደው፣ ጎልምሰው ተመለሱ። ሲመለሱ ድንጋዩ ሁሉ ወድቆ፣ ቁጥቋጦ ውጦት ነበር። «መቃብሩ በፀሐይ መግቢያ በኩል ነው» ይሉ ነበር። ኦቦ ዲሳሳ የሚባሉ ሌላ ሽማግሌ ደግሞ ቤተሰባቸው ጫካ ውስጥ ተሸሽጎ የቀረ ነው፤ እሳቸው «በፀሐይ መውጫ በኩል ነው» ይላሉ።

«በፀሐይ መውጫ ያለው መሬት የማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«አባቴ የሚያርሰው ነው» አሉ ጋሽ ቶሌራ። «ለዚህ ነው ሰው አባቴን የሚያምነው። እሱ እንዳለው ከሆነ መንደሩ የሚያርፈው በገዛ ማሳው ላይ ነው። ማሳውን እየሰጠ የሚመሰክርን ሰው ማን ይጠረጥረዋል?»

ረቡዕ

ጠዋት ሁላችንም ወደ ላጋ ዲማ ወረድን። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ቀያሹ፣ ሽማግሌዎቹና ብዙ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ከመንገዱ ላይ ሆኜ ኮረብታውን አየሁ። ቱሉ ጉራቻ ይሉታል። ወንዙ ልክ እንደ ሥዕሉ ከመሃሉ ይወርዳል። ኮረብታው ግን እንደ ሥዕሉ አልነበረም። ገደሉ በቀኝ፣ በፀሐይ መውጫ በኩል ነው፤ ተዳፋቱ በግራ።

ይህን ሳይ አልደነገጥሁም። መምህራችን ያስተማሩን ይህንኑ አልነበረም? ቀራጩ ኮረብታውን እንደ ልቡ አድርጎታል፤ እንደ ዘንባባው። ስለዚህ ኮረብታው የቀራጩ ነው፣ ድንጋዮቹ ግን የመንገደኛው ናቸው ብዬ ለየሁ። ከሥሩ «መቃብር» ተብሎ የተጻፈው መንገደኛው ባያይ ኖሮ አይጻፍም።

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ተቀበሉኝ። «እንግዲህ ጓድ ተማሪ፣ አንተ ከሁለቱም ወገን አይደለህም። መጽሐፉ ምን ይላል?»

የሚያውቁኝ ሰዎች ስጠየቅ ዝም ማለት እንደማልችል ያውቃሉ። የተማርሁትን ሁሉ ዘረዘርሁ፤ መንገደኛና ቀራጭ፣ እንጨትና መዳብ። ጋሽ ቶሌራ እየተረጎሙ ሰዉ በጽሞና ሰማኝ። በመጨረሻም «ድንጋዮቹ ከወንዙ በስተግራ ናቸው፤ በፀሐይ መግቢያ በኩል» አልሁ።

ኦቦ ዲሳሳ በከዘራቸው ተደግፈው ቀረቡ። አጭር፣ ዓይናቸው የደከመ ሰው ናቸው። «ቱሉ ጉራቻን አላወቅሁትም» አሉ በአማርኛ። «ይሄ ኮረብታ ሌላ ነው። ኮረብታ የሳተ ሰው ድንጋይ አይስትም?»

«ኦቦ ዲሳሳ፣ ትናንት የበሉትን ይረሳሉ፤ ዛሬ መጽሐፍ ያርማሉ?» አለ ከኋላ አንድ ሰው፤ ሰዉም ሳቀ። ኦቦ ነጋሳ አልሳቁም። እጃቸውን በኦቦ ዲሳሳ ትከሻ ላይ አደረጉ። ቀያሹ ገመዱን ዘረጋ። ችካሎቹ በፀሐይ መውጫው ዳር፣ በኦቦ ነጋሳ ማሳ ላይ፣ ገለባው መሃል ተራ በተራ ተተከሉ።

ከዚያ ስንመለስ አዴ ጫልቱ ሁለት ሳህን አቀረቡ። «ይሄኛው ያንተ ነው። ዛሬ ረቡዕ አይደል? ቅቤ አልገባበትም።» ፆሜን እኔ ለማንም አልተናገርሁም ነበር። የኛ ሰፈር ለጴንጤ እንግዳ እንዲህ ያደርግ ይሆን ብዬ አሰብሁ፤ መልሱን አልወደድሁትም።

ማታ እራት ስንበላ አዴ ጫልቱ ሥዕሉን አንሥተው ከፋኖሱ አጠገብ አዩት። ቀን ላይ አላዩትም ነበር።

«ቶሌራ፣ ና እስቲ እይ። ይሄ ሰውዬ እንግዳውን በግራ እጁ ነው የሚያበላው።»

«ፈረንጅ ስለሆነ አያውቅም፣ ተይው» አሉ ጋሽ ቶሌራ ጉርሻቸውን ሳይውጡ።

«ፈረንጁማ ተቀባዩ ነው። ሰጪው የእኛ ሰው ነው። በግራ እጅ ሰጥቶ ማን ይቀበለዋል? ጦሩንም በግራ ነው የያዘው። ያም፣ ያም፣ ሁሉም። የዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ግራኝ ነበር እንዴ?»

ሁለቱም ሳቁ። እኔ ግን ጉርሻዬን ሳህኑ ላይ መለስሁት። ስምንተኛ ክፍል ሳለን ለክበባችን ማኅተም ከሸበጥ ጫማ ጎማ የቀረጽሁትን አንዳንዶቻችሁ ታስታውሱ ይሆናል። ፊደሉን በትክክል ቀርጬ ወረቀት ላይ ስመታው ሁሉም ዞሮ ወጣ። ከተቀረጸ ነገር የሚታተም ሁሉ ግራውና ቀኙ ይለዋወጣል። የሚጠነቀቅ ቀራጭ አስቀድሞ ገልብጦ ይቀርጻል፤ የሚቸኩል ግን የመንገደኛውን ንድፍ ከፊቱ አስቀምጦ እንዳለ ይቀዳዋል።

መስታወት እንዲሰጡኝ ጠየቅሁ። አዴ ጫልቱ ከመሶቡ ኋላ ትንሽዬ የእጅ መስታወት አመጡ። ሥዕሉን ከፊቱ ያዝሁት። ሰዎቹ በቀኝ እጃቸው ጦር ያዙ። እንግዳው በቀኝ እጅ ተስተናገደ። ገደሉ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ተዳፋቱ ወደ ግራ። ቱሉ ጉራቻ ልክ ጠዋት ከመንገዱ ላይ እንዳየሁት ሆኖ መስታወቱ ውስጥ ቆመ። ድንጋዮቹ ሁሉ በፀሐይ መውጫ በኩል ነበሩ።

ጋሽ ቶሌራ መስታወቱን ተቀብለው ለረጅም ጊዜ አዩ። እነዚህ ሰዎች አብልተውኛል፣ ጸልየውልኛል፤ እኔ ደግሞ አባታቸው በሕይወት ዘመናቸው ሁሉ የያዙትን ቃል ላፈርስ ነው። ባልናገር ደግሞ በሳምንቱ በዚያ ማሳ ላይ ምሰሶ ይቆፈራል።

«ያ ማሳ…» አሉ አዴ ጫልቱና አልጨረሱትም።

«አውቃለሁ» አሉ ጋሽ ቶሌራ። «አባቴ ዛሬ ይተኛ። ነገ እኔ እነግረዋለሁ። አንተም አጠገቤ ቁም።»

ሐሙስ

ኦቦ ነጋሳ በራቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ጋሽ ቶሌራ ከፊታቸው ቁጢጥ ብለው በኦሮምኛ ቀስ እያሉ ተናገሩ። እኔ መስታወቱንና ሥዕሉን ይዤ ቆምሁ። ሽማግሌው መጀመሪያ የገዛ ፊታቸውን አዩ፤ ከዚያ ወረቀቱን እንዴት እንደምይዝላቸው አሳየኋቸው። በመጨረሻ የሰማሁት «ዲሳሳን ጥሩልኝ» የሚል ነው።

ኦቦ ዲሳሳ መጡ። ዓይናቸው ስለደከመ መስታወቱን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። «ኤዬ» አሉ፤ አዎ ማለት ነው። «ይሄ ቱሉ ጉራቻ ነው። ገደሉ ይኸው።»

«ድንጋዮቹስ?» አሉ ኦቦ ነጋሳ።

«እኔ ልጅ ሆኜ ወድቀው ነበር። በኋላ ደግሞ ከነጭራሹ ጠፉ። ማን እንዳነሣቸው አላውቅም።»

ኦቦ ነጋሳ ለልጃቸው ሳይሆን ለእኔ፣ በአማርኛ፣ እያንዳንዱን ቃል ለብቻው እያወጡ መለሱ። «እኔ ነኝ። ማረሻዬን ሰበሩብኝ። ድንጋይ ድንጋይ ነው ብዬ አወጣኋቸው። በበሬ ጎትቼ ወንዝ ውስጥ ጣልኋቸው።»

ኦቦ ዲሳሳ ከዘራቸውን አስቀምጠው አጠገባቸው ተቀመጡ። ትናንት ስለተሳቀባቸው ሳቅ አንድ ቃል አልመለሱም። «አባትህ በሕፃንነቱ ሄዶ ምን ያውቃል?» አሉ ቆይተው። «እኔን አለማመንህ አላስከፋኝም። እኔም ራሴን እየተጠራጠርሁ ነበር።»

አራታችን ሊቀመንበሩ ጋ ሄድን፤ እሳቸውና ቀያሹ ማሳው ላይ ነበሩ፣ ሰውም ተሰብስቦ ነበር። ቀያሹ ተቆጣ። ችካሉ ተተክሎ ለበላይ ተነግሯል፣ በአንድ መስታወት አይነሣም አለ። ሊቀመንበሩም ለእኔ «ትናንት መጽሐፉ በፀሐይ መግቢያ በኩል ነው ይላል አልኸን፤ ዛሬ ደግሞ ዞሯል ትለናለህ። ነገስ?» አሉኝ። ኮረብታውን ተጠራጥሬ ድንጋዩን ማመኔን፣ የተገለበጡት ግን ሁለቱም እኩል መሆናቸውን አስረዳሁ።

ያን ጊዜ ኦቦ ነጋሳ ወደ ፊት ወጡና ድንጋዮቹን ማን እንዳነሣቸው፣ የት እንደጣሏቸው በተሰበሰበው ሰው ፊት ተናገሩ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ሲጨርሱ ጎንበስ ብለው የመጀመሪያውን ችካል በገዛ እጃቸው ነቀሉት። ቀያሹ ሊከለክል እጁን ዘርግቶ ነበር፤ የሽማግሌውን ፊት አይቶ መለሰው። ከዚያ ኦቦ ዲሳሳ ነቀሉ፤ ከዚያ ትናንት የሳቀው ሰው፤ ከዚያ ሁሉም። ሊቀመንበሩ ገመዱ ወደ ማዶ ይዘርጋ ብለው አዘዙ።

ለመምህሬ የጻፍሁት እንዲህ የሚል ነው። ያ መጽሐፍ የታተመው ላጋ ዲማን ለማያይ አንባቢ ነው። ለዚያ አንባቢ ግራውም ቀኙም አንድ ነው፤ ድንጋዮቹ በየትኛውም ዳር ቢቆሙ ሥዕሉ አላማረም አይባልም። ቀራጩም ስለዚህ አልተጨነቀም። በዘንባባው ብንስቅ ማንም አይጎዳም። የሚጎዳው እውነት የሚመስለው ነው፤ ከቦታው ርቆ ሲታይ ስሕተት የማይሆን፣ ቦታው ላይ ሲመለስ ግን የሰው አጥንት ላይ የሚያስረግጥ። እኛም የሩቅ አገርን በወረቀት ላይ ስናይ ምን ምን እንደተገለበጠብን አናውቅም።

ዓርብ

የጭነት መኪናው ወደ ጉደር የሚመለሰው በማለዳ ነበር። አዴ ጫልቱ ቆጮ በቅጠል ጠቅልለው ሰጡኝ፤ ቅቤ እንደሌለበትም ነገሩኝ። ጋሽ ቶሌራ እስከ መንገዱ ሸኙኝ። ኦቦ ነጋሳን ለመሰናበት ወደ በራቸው ብሄድ አልነበሩም።

መንገዱ ዳር መኪናውን ስንጠብቅ አየናቸው። ከብቶቹን ውሃ አጠጥተው ከወንዙ እየተመለሱ ነበር። ከላጋ ዲማ ወደ ቤታቸው የሚወስደው አቋራጭ በዚያ ማሳቸው መሃል ነው፤ ስንት ዓመት ተረግጦ ነጥቶ ከሩቅ ይታያል። ማሳው ጫፍ ሲደርሱ ፊተኛው በሬ እንደ ልማዱ ወደ አቋራጩ ገባ። ሽማግሌው ቀድመው ከፊቱ ቆሙና በበትራቸው ሳይመቱ፣ በእጃቸው አንገቱን ገፍተው አወጡት። ሌሎቹንም አንድ በአንድ መለሱ። ከዚያ በድንበሩ፣ በእሾህና በቁጥቋጦው በኩል፣ ዙሪያውን ይዘው ሄዱ። ዳገት ነው፤ ሁለት ጊዜ ቆመው ዐረፉ።

«ልርዳቸው?» አልሁ።

«ተወው» አሉ ጋሽ ቶሌራ። «ከእንግዲህ መንገዱ ያ ነው።»